"ጠንካራ ፓምፕ ይግዙ" ማለት አይበቃም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። በአማርኛ ስለዚህ ነገር ሲጻፍ ብዙም አላየሁም። ስለ መብራቱ የተባለው ጥሩ ነው። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳው ሳምንታት መቆየት አለበት መባሉም ልክ ነው። ፓምፑ ላይ ስትደርሱ ግን ቸኮላችሁ። "ለኮራል ጠንካራ ፓምፕ ይግዙ" ብላችሁ ወደ ዓሣ ምግብ ተሻገራችሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ጋዜጣውን ይዞ መጣና "ጋሼ፣ ጠንካራ ማለት ስንት ነው?" አለኝ። ልጁ ልክ ነው። እዚህ አሜሪካ ሱቅ ገብቶ "ጠንካራ ፓምፕ ስጡኝ" ያለ ሰው መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጣጣ ብዙ ቤት አይቻለሁ።

እኔን የጠየቀኝ ሥራዬን ስለሚያውቅ ነው። በ1970ዎቹ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ሞተሪስት ነበርኩ። ቨርጂኒያ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ የትልልቅ ሕንፃዎች ጥገና ላይ ሠራሁ። ቦይለር፣ የማቀዝቀዣ ውሃ፣ ፓምፕ። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ባለ 75 ጋሎን የኮራል ገንዳ አለ፤ በሊትር 284 ገደማ ነው። ርዝመቱ 4 ጫማ፣ ወርዱ 18 ኢንች፣ ቁመቱ 21 ኢንች። ባለቤቴ ስሙን የምታነሳው የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ለምን ውሃው መንቀሳቀስ እንዳለበት እንነጋገር። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ተተክሎ የሚኖር እንስሳ። ዓሣ ቢርበው ሄዶ ይበላል፣ ቢታፈን ወደ ላይ ይወጣል። ኮራል የትም አይሄድም። ምግቡም፣ ኦክስጅኑም ካለበት ድረስ መምጣት አለበት። ቆሻሻውንም ሌላ ሊጠርግለት ይገባል። ይህን ሁሉ የሚሠራለት ውሃው ነው።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። በኮራሉ ቆዳ ላይ እጅግ ቀጭን የረጋ ውሃ ተለጥፎ ይኖራል። የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ስስ ንብርብር በኩል ነው የሚያልፈው። ውሃው ሲንቀሳቀስ ንብርብሩ ይሳሳል፣ ሲረጋ ይወፍራል። ቀን ቀን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፤ ኦክስጅንም ያወጣሉ። ብርሃኑ ሲበረታ ኦክስጅኑ ከልክ ያልፍና ኮራሉን ራሱን ይጎዳዋል፤ ውሃው ካልጠረገለት በቀር። ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። አልጌው ኦክስጅን መሥራቱን ያቆማል፣ ገንዳ ውስጥ ያለው ነፍስ ያለው ሁሉ ግን መተንፈሱን አያቆምም። ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ማታ ማታ ፓምፑን የሚያጠፋ ሰው ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው። ማታ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ማጥፋት ግን አይሆንም።

ዳህላክ አካባቢ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ምክንያቱን ባላውቅም። ጀልባችን ፕሮፔለር ላይ ገመድ ሲጠመጠም ጠልቆ የሚፈታው ሞተሪስቱ ነው። ጸጥ ባለው ወገን፣ መልሕቅ በምንጥልበት በኩል ስንጠልቅ የምናየው ለስላሳና ሰፋፊ ዓይነት ኮራል ነበር። አሸዋው ላይ ደለል ተኝቷል። ማዕበል ወደሚመታው ወገን ዞር ስትል ሌላ ዓለም ነው። ቅርንጫፋቸው አጭርና ድንድን ያለ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ። ደለል የሚባል የለም። ባሕሩ ያው አንድ ባሕር ነው። የተለየው የውሃው አመጣጥ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛውን ወገን ነው ሳሎናችሁ ውስጥ ማስገባት የምትፈልጉት? እሱን ወስኑ። ፓምፑ የሚመረጠው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ። የኮራል ገንዳ ሁለት ዓይነት ፓምፕ አለው። ጽሑፋችሁ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል። አንደኛው የመመለሻ ፓምፕ ነው። ካቢኔቱ ውስጥ ሳምፕ የሚባል ሁለተኛ ገንዳ አለ፤ ማሞቂያውና ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ) እዚያ ይቀመጣሉ። ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ የመመለሻ ፓምፑ በቱቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ዋናው ገንዳ ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያናውጠው ነው። እዚህ ፓወርሄድ ወይም ዌቭሜከር ይሉታል። የኮራሉን ሥራ የሚሠራው ይሄኛው ነው።

የመመለሻ ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ ያነሳል፤ ለማንሳት ደግሞ ግፊት ይፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይገፋ የሚሰጠው መጠን ነው። እናንተ ቤት ግን ከሳምፑ እስከ ገንዳው አፍ 4 ወይም 5 ጫማ ይኖራል። ክርኖቹና ቫልቩም የራሳቸውን ይቀንሳሉ። በሰዓት 1000 ጋሎን የተባለው ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ገንዳው ጋ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። አምራቾች ከፍታና መጠንን የሚያሳይ ግራፍ ያወጣሉ። እሱን ሳያዩ መግዛት የለም። ለመመለሻ በሰዓት የገንዳውን 4 ወይም 5 እጥፍ ያህል በትክክል ላይ ካደረሰ ይበቃል። የኮራሉን ውሃ በመመለሻ ፓምፕ ልናናውጥ ማለት የመብራት ሒሳብ ማናር ነው።

ዌቭሜከሩ ምንም አያነሳም። እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኖ ውሃ ይገፋል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ልምድ አለ። ለለስላሳ ኮራሎች የገንዳው ውሃ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ጊዜ ቢገላበጥ ጥሩ ነው። ትልልቅ ሥጋ ላላቸው ለእነ ቶርችና ሀመር ከ20 እስከ 30። እንደ አክሮፖራ ላሉ ቅርንጫፋም ኮራሎች 40 እና ከዚያ በላይ። በኔ 75 ጋሎን ስናሰላው ለለስላሳዎቹ ከ750 እስከ 1500 ጋሎን በሰዓት፣ ለአክሮፖራ ደግሞ ከ3000 በላይ ይመጣል። ለዚያ ወጣትም "ጠንካራ ማለት ከዚህ እስከዚህ ነው፣ ግን የምታስቀምጠውን ኮራል ንገረኝ" ነው ያልኩት።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ጀልባ ላይ ሁለት ነገር ነበረን። የእሳት ማጥፊያ ፓምፕና ፕሮፔለር። የእሳቱ ፓምፕ በቀጭን አፍ ይተፋል፤ ሰው ላይ ብትለቀው ይጥለዋል። ፕሮፔለሩ ዝግ ባለ ሰፊ ጉልበት ብዙ ውሃ ያንቀሳቅሳል፤ ጀልባውን ይሸከማል። የድሮዎቹ ፓወርሄዶች እንደ እሳቱ ፓምፕ ነበሩ። 300 ጋሎን በጠባብ አፍ ይተፉና ፊት ለፊት ያለውን ኮራል ቆዳውን ይገፉታል፤ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ያለው ደግሞ ምንም አይደርሰውም። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የፕሮፔለር ናቸው። አፋቸው ሰፊ ነው፣ ውሃው ተበትኖ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ካርቶን ላይ ያው 1000 የሚል ቁጥር ብታዩም ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመውጫውን ስፋት እዩ።

ገበያ ላይ ስላሉት ትንሽ ልበል። የጣሊያኑ ኮራሊያ በማግኔት መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ፣ ቀላልና ብዙ ሰው የጀመረበት ነው። የጀርመኑ ቱንዜ በዚህ ሥራ ውስጥ አንጋፋ ነው። የቻይናው ጀባዎ ዋጋው ለኪስ የሚመች ነው፤ ከ100 ዶላር በታች ባለመቆጣጠሪያ ይገኛል። ማክስፔክት ጋይር ለየት ይላል። ክብ ፕሮፔለር የለውም፤ ረጅም ከበሮ መሰል ነገር ነው በአግድም የሚሽከረከረው። ውሃውን እንደ ሰፊ ምንጣፍ በላይ ልኮ ከወዲያኛው መስታወት መትቶ በታች እንዲመለስ ያደርጋል። ለረጅም ገንዳ ተመችቶ አየሁት። ወንፊቱ ግን ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፤ ማጽዳት የሚሰለቸው ሰው አይግዛው።

ኢኮቴክ የሚሠራው ቮርቴክ ደግሞ ሞተሩ ከገንዳው ውጭ ነው። ማግኔት በመስታወቱ በኩል አሳልፎ ውስጥ ያለውን ፕሮፔለር ያዞረዋል። እንደ ሜካኒክ ይሄ ያስደስተኛል። ሙቀቱ ውጭ ይቀራል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ገመድ የለም። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። እያንዳንዱ ሞዴል የሚችለው የመስታወት ውፍረት አለው፤ የናንተን በማስመሪያ ለኩ። ገንዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከጀርባ የሚገባበት ቦታ አይኖርም።

ሞዴሉ የፈለገውን ቢሆን፣ ምክሬ አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትናንሽ ነው። ይህን ለማንም ደጋግሜ እላለሁ። አንድ ትልቅ ፓምፕ ውሃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይነዳል። አንዱ ኮራል ሃያ አራት ሰዓት በጥፊ ይመታል፣ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ደግሞ ይታፈናል። ሁለት ከግራና ከቀኝ ሲሆኑ ጅረቶቹ መሐል ላይ ይጋጫሉ፤ ይሰባበራሉ። ኮራል የሚወደው እንዲህ ያለውን መላ የሌለው ውሃ ነው። መቆጣጠሪያ ያላቸው ከሆነ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሌላው ጥቅም አንዱ ቢቆም ሌላው አለ። ባሕር ላይ ሞተር አንድ ብቻ ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፓምፑን ከውሃው ገጽ ብዙ አታስጠጉ። ፕሮፔለር አየር ከሳበ ጉልበቱን ያጣል፣ ይጮኻል፣ ገንዳውን በአረፋ ይሞላዋል። ወደ ታችም አታብዙ፤ አሸዋውን ያነሳዋል። ከላይ ጥቂት ኢንች ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ቀና አድርጎ የውሃው ገጽ እንዲሸበሸብ ማድረግ ነው። ከላይ ቅባት የመሰለ ስስ ነገር ተኝቶ ካያችሁ ገጹ አልተንቀሳቀሰም፤ ኦክስጅንም እንደልብ አይገባም ማለት ነው።

ድንጋዩን ስትደረድሩም አስቡበት። ብዙ ሰው ከኋላው መስታወት ጋር አጣብቆ እንደ ግንብ ይክበዋል። ያምራል። ግን የኋላው ጉድጓድ የቆሻሻ ማከማቻ ይሆናል። ትንሽ ቀይ ዝልግልግ ነገር ድንጋዩ ላይ ተለብዶ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ውሃው እዚያ ጋ ሞቷል። መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ፓምፑን አዙሩት።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከበረዶ ሳጥን የዓሣ ምግብ፣ ያቺን ትንሽ የሽሪምፕ ኪዩብ በአንድ ሲኒ ውሃ አሟሟታለሁ። የሳሎኑን መብራት አጠፋና የገንዳውን ብቻ እተዋለሁ። ለቱርክ ሥጋ መረቅ ማጠጫ በሚሸጡት ባለጎማ መምጠጫ ሳብ አድርጌ በፓምፑ ፊት እለቃታለሁ። ከዚያ መቀመጥ ነው። ቀያዮቹ ፍርፋሪዎች መንገዱን ያሳያሉ። ወደ ላይ ወጥተው፣ ከወዲያ መስታወት ተጋጭተው፣ ከድንጋዩ ጀርባ ገብተው መውጣት አለባቸው። ገብተው የማይወጡበትን ቦታ ልብ እላለሁ። ፓምፑን ጣት በማይሞላ ዞር አደርገዋለሁ፣ እንደገና ትንሽ እለቃለሁ። ዓሣዎቹ በዚህ ምርመራ በጣም ደስተኞች ናቸው።

ቶርች የሚባለውን ኮራልም እዩ። የኔ ጣቶቹ አረንጓዴ ሆነው ጫፋቸው ወርቅማ ነው። ውሃው ከተስማማው ጣቶቹ ወደ አንድ ወገን ይጋደማሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ተመልሰው ይቆማሉ፣ ወደ ሌላው ይጋደማሉ። ሁሌ ወደ አንድ ጎን ተለጥፈው ከቀሩ ወይም ውሃው በሚመጣበት በኩል ያሉት ብቻ አጥንቱ ውስጥ ከተሸሸጉ በዝቶበታል። በዚያ በኩል የአጥንቱ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ብቅ ካለ ሥጋው እየተላጠ ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም። በተቃራኒው ጣቶቹ ረዝመው ተንዠርግገው ዝም ካሉና መሐላቸው ቆሻሻ ከተቀመጠ አንሶታል። ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ ይሄ ይታመናል።

ስለ ሱቆች አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የማንንም ስም አልጠራም። አንድ የማውቀው አባት ለልጆቹ 30 ጋሎን ገንዳ ገዛ። ሻጩ "ሲያድግ ይጠቅምሃል" ብሎ ለ150 ጋሎን የሚሆን ፓምፕ ሸጠለት። ገንዳ እንዴት ነው የሚያድገው? በማግስቱ ሄጄ ሳይ ነጩ አሸዋ ከአንዱ ጥግ ተጠርጎ ባዶ መስታወት ይታያል፤ በሌላው ጥግ ተቆልሎ ሁለት ኮራል ቀብሯል። ዓሣዋ ከድንጋይ ሥር አልወጣም ብላለች። ፓምፑን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ብናወርደውም አልሆነም። ደረሰኙን ይዞ ሄዶ ለወጠው፤ ብዙ ተከራክሮ።

ልጅ ያለበት ቤት ሌላ ነገርም አለ። ልጆች ብርቱካናማዋን ክላውንፊሽ ይፈልጋሉ። ከዚያ ቤቷ ነው ተብሎ አኒሞኒ የሚባል አበባ የመሰለ የባሕር እንስሳ ይገዛል። ክላውንፊሽ ያለ አኒሞኒ በደስታ ትኖራለች፤ ግን ይሁን። አኒሞኒ እንደ ኮራል ተተክሎ አይቀርም፤ ቦታው ካልተመቸው ሌሊት ተነስቶ ይሄዳል። ሄዶ ፓምፕ ውስጥ ከገባ ይፈጨዋል። የተፈጨው ገንዳውን በሙሉ ሊመርዘው ይችላል። አኒሞኒ ማስገባት የግድ ከሆነ መጀመሪያ የፓምፑን መሳቢያ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ሸፍኑ። ሲሸፈን ጉልበቱ እንደሚቀንስ አስባችሁ ከፍ ያለውን ግዙ፤ ስፖንጁንም ቶሎ ቶሎ እጠቡ።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ቀልድ የለም። የጨው ውሃ ከመዳብ ጋር አይዋደድም። የሚተነው ጠብታ በየገመዱ ላይ ነጭ ጨው እየሠራ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ ሶኬት ድረስ። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ሆድ ሠርቶ ይውረድ፤ ጠብታ ቢመጣ ከዚያ ሆድ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሶኬቱ ጂኤፍሲአይ የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋው ይሁን። ማከፋፈያውን ከገንዳው ሥር መሬት ላይ አታስቀምጡ። ሁለቱን ዌቭሜከሮች ደግሞ በተለያየ ሶኬት ሰኩ። አንዱ ሶኬት ራሱን ቢያጠፋ ሌላው ውሃውን ያንቀሳቅሳል። እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓምፑ ይነቀላል። ይሄ ለልጆችም ለአዋቂም ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። በጁን 29 ቀን 2012 ያን ኃይለኛ ነፋስ እዚህ አካባቢ የነበረ ሰው አይረሳውም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለቀናት መብራት ያጡ ሰፈሮች ነበሩ፤ ያውም በዚያ ሙቀት። እንደዚያ ሲሆን መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን ብዙ አይዝም። ስለዚህ ስትገዙ በዲሲ፣ ማለትም ባትሪ በሚሰጠው ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ባትሪ የሚቀበል ፓምፕ ብትመርጡ ይሻላል። ብዙዎቹ አዳዲስ ፓምፖች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ አምራቹ ያዘጋጀው ባትሪ ካለ መብራት ሲጠፋ በዝቅተኛ ፍጥነት ለብዙ ሰዓት ይቀጥላሉ። ያ ካልሆነ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙባት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ የአየር ፓምፕ ጥቂት ዶላር ናት። መሳቢያ ውስጥ ትቀመጥ።

ጽዳቱን አትርሱ። በዚህ ውሃ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ፓምፑ ላይ እንደ ኖራ ይጋገራል። ፕሮፔለሩ ይከብዳል፣ ኩሽኔታው ይፋቃል፣ ፍሰቱ ሳይታወቅ ይወርዳል። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ፓምፑን እዚያ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ማስነሳት ይበቃል። ከዚያ ፈታትቶ በጥርስ ብሩሽ መጥረግና በንጹሕ ውሃ ማጠብ። እኔ በየሁለት ወሩ ገደማ አደርገዋለሁ። ኩሽናው ሰላጣ ሰላጣ ስለሚሸት ባለቤቴ ቀኑን አስቀድሜ እንድነግራት አዝዛኛለች። ስትገዙ ፓምፑ ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታ መሆኑን፣ መለዋወጫ ፕሮፔለርም ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ፓምፕ ርካሽ አይደለም።

"እሺ፣ ጋሼ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?" ለሚለኝ፦ ገንዳው 75 ጋሎን ከሆነ፣ ለስላሳውንም ቶርቹንም ቀላቅሎ ለሚይዝ ሰው፣ እያንዳንዳቸው እስከ 1500 ጋሎን በሰዓት የሚደርሱ፣ ፍጥነታቸው የሚስተካከል ሁለት የዲሲ ፓምፖች። ሲጀመር ግማሽ ላይ አድርጎ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ። ኮራል ውሃውን ይለምዳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከውዱ ሞዴል ወደ መካከለኛው በመውረድ የሚተርፈው ገንዘብ ለባትሪ ይሁን። አክሮፖራ ለሚመኝ ደግሞ መጀመሪያ ለስላሳውን አንድ ዓመት አኑረህ አሳየኝ እለዋለሁ።

በመጨረሻ፣ አዲስ አበባ ለሚኖር ዘመድ ፓምፕ ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ይቻላል፤ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያዩ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። የኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የኤሲ ፓምፕ በትራንስፎርመር ቮልቱ ቢስተካከልለት እንኳ ፍጥነቱ የሚመጣው ከሄርዙ ነው። ስለዚህ በስድስት አንድ እጅ ገደማ ዝግ ብሎ ይሽከረከራል፤ ለ60 የተሠራ ሞተር 50 ላይ ደግሞ ይሞቃል። የዲሲ ፓምፕ ከሆነ አስማሚው ላይ "100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ" የሚል ተጽፎ እንደሆነ በባትሪ አብርታችሁ አንብቡ። ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ካልተጻፈ ሻንጣው ውስጥ ለሌላ ነገር ቦታ ስጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ የባሕር ኃይል ሞተሪስት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ